የሕፃናትን ምሳ ዕቃ ሲፈትሹ የኖሩት የእትዬ ጉምሩክ የሕይወት ታሪክ

የሥራ ባልደረቦቻቸው «እትዬ ጉምሩክ» የሚሏቸው ውድ እህታችን፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና የሆስፒታል አንሶላ አጣቢ ከነበሩት እናታቸው በየካቲት ወር 1957 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። እስከ ስምንተኛ ክፍል በጥሩ ውጤት ተምረው፣ እናታቸው በወገብ ሕመም ሲተኙ ትምህርቱን ትተው ሦስት ወንድሞቻቸውን አሳደጉ። ሁለቱ ወንድሞች ዲግሪ ይዘዋል፤ ሆኖም ይህን ታሪክ ለመጻፍ ጊዜ ስላጡ ከሰባተኛ ክፍል የወጣው ታናሹ ጽፎታል። ስህተት ቢገኝበት እነሱ ያርሙት።

በ1979 ዓ.ም. መካኒክ አግብተው ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ። ባለቤታቸው ከዘጠኝ ዓመት በፊት አርፈዋል።

በ1983 ዓ.ም. በአንድ የሕፃናት ማቆያ በሞግዚትነት ተቀጠሩ። በሁለተኛው ዓመት አንድ የአሥር ወር ሕፃን እንቁላል በቀመሰ በደቂቃዎች ውስጥ ገላው ሳማ እንደነካው ሽፍ አለበት፤ ከንፈሩ አበጠ፤ ትንፋሹ ያፏጭ ጀመር። ሌሎቹ «ሙቀት ነው፣ ልብሱን አውልቁለት» ሲሉ እሳቸው ሕፃኑን ታቅፈው በነጠላ ጫማ ወደ ክሊኒክ ሮጡ። ሐኪሙ «ትንሽ ብትቆዪ ኖሮ...» ብሎ ቀሪውን ዋጠው።

ከዚያ ወዲህ የእያንዳንዱን ልጅ ፎቶ ግድግዳ ላይ ለጥፈው፣ ከሥሩ የማይስማማውን ምግብና የሚታይበትን ምልክት ይጽፉ ጀመር። ጠዋት በር ላይ ቆመው ምሳ ዕቃ ይከፍታሉ፣ ያሸታሉ፣ ይጠይቃሉ። ቅጽል ስሙም የወጣላቸው ያኔ ነው። ልጇ ለጓደኞቿ እንድታካፍል የላከችው የለውዝ ብስኩት የተመለሰባት እናት «አንቺ ሐኪም ነሽ ሞግዚት?» አለቻቸው። «ሞግዚት ነኝ፣ የኔ እመቤት። ሐኪም ጋ እስኪደረስ ያሉት ደቂቃዎች ግን እኔ ጋ ናቸው» አሏት።

ለከባድ አለርጂ የሚወጋው መርፌ ዳይሬክተሩ ቢሮ ይቆለፍበት ነበር። ተከራክረው፣ ልጆች በማይደርሱበት ከፍታ ላይ፣ በማይቆለፍ ሳጥን አሰቀሉት። በየመርፌው ላይ የባለቤቱ ልጅ ስም አለ፤ የአንዱ ለሌላው አይነካም ብለው ደንብ አወጡ። ለማንም የሚሆን መጠባበቂያ እንዲገዛም ሦስት ጊዜ በደብዳቤ ጠየቁ። ዳይሬክተሩ ሦስቱንም ተቀብሏል። ፊርማው አለ።

አምና ንብ ነድፋቸው ፊታቸው እስኪጠፋ አብጠው ነበር። ታናሽ ወንድማቸው «ክሊኒክ ሂጂ» ቢላቸው «ንብ ነድፋው ያላበጠ ማን አለ? አንተ ደሞ ታበዛዋለህ» ብለው ሳቁበት። ወላጅን ሁሉ «ባለፈው ጊዜ ምን ሆኖ ነበር?» እያሉ የሚመረምሩ ሴት፣ የራሳቸውን ለሥራ ቤታቸው አልተናገሩም።

ከትናንት በስቲያ፣ ማክሰኞ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ግቢ ውስጥ ንብ አንገታቸውን ነደፈቻቸው። አሥራ አራቱን ሕፃናት ቆጥረው ካስገቡ በኋላ ተቀመጡ። ድምፃቸው ሰለለ፤ ከንፈራቸው አበጠ። ረዳታቸው አምቡላንስ ጠርታ ከሳጥኑ መርፌ ይዛ መጣች። የነበረው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የአንዲት ለውዝ የማይስማማት የሦስት ዓመት ልጅ ነው። እጇን ገፉት። «የልጅቷ ነው። ዛሬ ብታስፈልጋትስ?» አሉ። ደግማ ብትዘረጋ ዐይናቸውን አፈጠጡባት። አምቡላንሱ በሃያ ስድስተኛው ደቂቃ ደረሰ። እህታችን በሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው አርፈው ነበር። ጠዋት ሻይ ጠጥተው የወጡ ሰው! እንዲህም ይኬዳል? አስከሬናቸውን ያየው ሐኪም «የልጅ መጠንም ቢሆን መወጋት ነበረባቸው» ብሎናል። እስካሁን ጆሯችን አላመነም።

በለቅሶው ቤት ከትናንት ጀምሮ ጣት የሚቀሰረው ረዳቷ ላይ ነው። «በእጇ ይዛ ዝም ብላ አየቻት» ተብሏል። ታናሽ ወንድማቸውም ብሏል። ስለዚህ ሁሉም ይስማ፦ ረዳቷ መርፌውን ሁለት ጊዜ ዘርግታለች። የከለከሏት ሟቿ ራሳቸው ናቸው። መጠባበቂያውን ያልገዛው ደግሞ ደብዳቤውን የፈረመው ነው።

እህታችን ሁለት ሴቶች ልጆች፣ አንድ የልጅ ልጅና ሦስት ወንድሞች ትተው ሄደዋል። ረዳታቸው ከበሩ ውጭ ቆማለች። መንገድ ይለቀቅላትና ከቤተሰቡ ጋር ትቁም፤ ታናሽ ወንድማቸው አጠገብ ቦታ አለ።

ፈጣሪ የእህታችንን ነፍስ በእቅፉ ያሳርፍ፤ ለዚህችም ልጅ እንቅልፍ ይስጣት።