የእድሩ ሳህን ምልክት

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

እንዴት ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎን ተሻለዎት ወይ? የሰፈራችሁ የዋይንድሃም ቬል ብርድ ዘንድሮ ክፉ ነው ብላ እህቴ ኑሀሚን ነግራኛለች። እኔም እዚህ ፊትዝሮይ ሰፈር በጣም ደህና ነኝ፣ ክብሩ ይስፋ። በአንድ ከተማ እየኖርን ደብዳቤ መጻፌ ያስቅዎት ይሆናል። ስደውል ግን ስልኩን ለኑሀሚን ያቀብላሉ፤ ወረቀት ከሆነ ሳያነቡ አይጥሉም ብላኛለች።

አባባ፣ በደስታ ልቤ ሊፈነዳ ነው! ቆጵሮስ ደሴት ላይ የምቆፍራቸው መቃብሮች ሦስት ሺህ ዓመት ያለፋቸው ናቸው። በየመቃብሩ በር ላይ የሸክላ ሳህን እናገኛለን፤ ግርጌው ላይ ሦስት ጭረት አለበት። ትልልቆቹ ምሁራን የሸክላ ሠሪው ፊርማ ነው ብለው ጽፈዋል፣ እኔም ያንኑ ሳስተምር ኖሬያለሁ። ፊርማ አይደለም! የእድር ምልክት ነው!

ሠሪው ቢሆን ገና ጭቃ ሳለ ይጭረው ነበር፤ ይህ ግን የተጫረው ሸክላው በእሳት ከተተኮሰ በኋላ ነው። ደግሞም ያው ምልክት በማይዛመዱ የአምስት ቤተሰብ መቃብሮች ላይ፣ በተለያዩ ሰዎች እጅ በተሠሩ ሳህኖች ላይ ተገኘ። እነዚያም ሰዎች እንደኛው የጋራ ዕቃ ነበራቸው፤ ሰው በሞተ ቁጥር ተሸክመውት ይሄዱ ነበር ማለት ነው። እኛ ያገኘነው ተረስቶ የቀረውን ነው። ሁለት ሳህን ጎድሏል፣ ማን ወሰደው እያለ የሚቆጣ፣ እንደ እርስዎ ያለ ዕቃ ቤት ኃላፊም ሳይኖራቸው አይቀርም። ይህን በጉባኤ ሳቀርብ ፕሮፌሰሯ አለቃዬ የሃያ ዓመት ጽሑፌን አፈረስሽብኝ ብላ እየሳቀች አቀፈችኝ። ከመጪው ዓመት ጀምሮ ቁፋሮውን የምመራው እኔ ነኝ።

አሁን የሚከብደኝን ልጻፍ። ሐሳቡ የመጣልኝ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አይደለም፤ በእማዬ አርባ ዕለት ነው። ዓይንዎን ማየት ስላቃተኝ የእድሩ ዕቃ የሚቀመጥበት የቤታችሁ ጋራዥ ገብቼ ሳህን ሳጥብ ዋልኩ። አንዱን ስገለብጠው የእድራችን ምልክት፣ ያቺ ቀይ ነጥብ አለች። ድሮ አስኮት ቬል ሰፈር ሳለን እማዬ በጥፍር ቀለሟ ስትነጥብ፣ እኔ እፍ እያልኩ አደርቅላት ነበር። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እንባዬ ሳይደርቅ ደግሞ ስለ ሥራዬ ማሰብ ጀመርኩ፤ እንዲህ ያለች ልጅ ነኝ፣ ይቆጡኝ።

ለቀብሯ ያልደረስኩት አውሮፕላን አጥቼ ነው ብዬዎት ነበር። ትልቁ መቃብር የተከፈተው እማዬ ባረፈች ማግስት ነው። አውሮፕላንስ ነበረ፤ የቀረሁት እሱን ለማየት ብዬ ነው። እርስዎም ያኔውኑ ገብቶዎት ስለነበር ነው ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም ያሉኝ።

ስለ እድር ከልጅነቴ ጀምሮ ያስተማሩኝን በስምዎ መጥቀስ እፈልጋለሁ። ለዚህ ዩኒቨርሲቲው የእርስዎን ፊርማ ይጠይቃል። ስምዎ የሌለበትን ጽሑፍ አላሳትምም፤ ይህን ወስኛለሁ። ፎርሙን ከደብዳቤው ጋር አያይዤዋለሁ። ስምዎን፣ አድራሻዎን፣ የእድሩን ስም ሁሉ ሞልቼዋለሁ። ለተመራማሪዋ ምኗ ነዎት የሚለውን መስመር ግን ባዶ ተውኩት። እሱን እርስዎ ይሙሉት።

እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ የእማዬንም ነፍስ በደጋጎቹ አጠገብ ያሳርፍልኝ።

ልጅዎ