በእኔ ድምፅ

የካቲት 4

ዛሬም ሳቁብኝ። እንግዳው በስልክ "ፊፍቲ" ያለኝ መስሎኝ ሸሚዞቹን ሃምሳ ቁጥር ክፍል ላክሁ። ሰውዬው ያለው ግን "ፊፍቲን"፣ አሥራ አምስት፣ ነው። በካናቴራ ብቻ ልብስ ማጠቢያችን፣ ላውንደሪ ድረስ ወርዶ በሩ ላይ ቆመና እጁን እያወናጨፈ የሆነ ነገር አለ... አልገባኝም። ፊቱ ግን ገባኝ።

ጋሼ ሳሙና፣ አለቃችን፣ ካውያውን አስቀምጦ፣ "አንቺ ልጅ፣ ሆቴሉን ሙሉ ራቁቱን ልታስቀሪው ነው?" አለኝ። ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ምን ላድርግ?

ሳነብ አልቸገርም። ኮሌጅ ጨርሻለሁ። ጆሮዬ ነው እምቢ ያለው። አፌም ያው...

ቤት ገብቼ ለወፌ ነገርኳት። የአክስቴ ልጅ ናት፤ አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ ነን። ምላሷ ስለማያርፍ ነው ወፌ የተባለችው። መጀመሪያ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ስልኬን ነጥቃ አንድ አፕ ጫነችልኝ። "ይሄ አይስቅብሽም" አለች። "ስትሳሳቺ ቃሉን ቀይ ያደርግልሻል፣ በቃ።"

የካቲት 8

አፑ ጉድ ነው። ዓረፍተ ነገር ያሰማኛል፣ የሰማሁትን እጽፋለሁ። ከዚያ በራሴ አፍ እለዋለሁ። ልክ ያልኩት አረንጓዴ፣ የሳትኩት ቀይ። ዛሬ ስልኬ የቲማቲም ማሳ መስሎ ዋለ።

"ቲንክ" ስል "ሲንክ" አልሽ ይለኛል። ምላስን በጥርስ መሃል ማውጣት ነው መላው። መስታወት ፊት ቆሜ ሳወጣ ሳስገባ እማዬ ከስፌት መኪናዋ ቀና አለች።

"ምላስሽን ለማን ነው የምታወጪው?"

"ለእንግሊዝኛ፣ እማዬ።"

"አገኘሽው!" አለችና መኪናዋን አስነሳች።

እማዬ የምላት አክስቴን ነው። እናቴ ስትሞት በእግሬ መሄድ እንኳ አልጀመርኩም ነበር። ሌላ እናት አላውቅም።

የካቲት 15

አንድ ሙሉ ንግግር ያለ አንድ ቀይ! ወፌ አልጋው ላይ ወጥታ "ወፌ ቆመች! ወፌ ቆመች!" እያለች አጨበጨበችልኝ። በገዛ ስሟ።

የካቲት 23

ሆቴሉ ለስልክ ክፍል ሰው ይፈልጋል። ማስታወቂያው የሠራተኛ መግቢያው በር ላይ ተለጥፏል። ከውስጥም ከውጭም ማመልከት ይቻላል። ድረ ገጹ ውስጥ ገብቶ፣ ለጥያቄዎቹ በእንግሊዝኛ በድምፅ መልሶ፣ ቅጂውን መላክ። ያለፈ ለቃለ መጠይቅ ይጠራል።

ስልክ ክፍሉን አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ፎጣ ላደርስ ሄጄ። መስኮት አለው። እኛ ጋ ያለው እንፋሎት ነው። ሁለት ሴቶች ማዳመጫ አድርገው ተቀምጠዋል። እጃቸው ደረቅ ነው። ያስቀናኝ እሱ ነው፣ የእጃቸው መድረቅ...

ወፌም ታመልክታለች። ትሠራበት የነበረው ጫማ ቤት ከተዘጋ ወዲህ ቤት ነው የምትውለው።

"ሁለታችንም ብንገባስ?" አለች።

"አንዳችን ብቻ ብንገባስ?"

"ታዲያ እኔና አንቺ ምን ለያየን?" አለችኝ። ደስ አለኝ። እውነት ደስ አለኝ።

የካቲት 26

ወፌ ጥያቄዎች አመጣች። "እንዲህ እንዲህ ያለ ነው የሚጠይቁት አሉ" አለች። የተቆጣ እንግዳ ቢደውል ምን ትያለሽ? ክፍሌ ውስጥ ውሃ የለም ቢልሽስ? እነማን አሉ ብዬ አልጠየቅኩም።

እየቀዳሁ ልልክላት፣ እሷም የሷን ልትልክልኝ ተስማማን። ሰው የራሱን ስህተት በራሱ ጆሮ አይሰማም አለች። እውነቷን ነው። "ስምሽን አትጥሪ፣ መልሱን ብቻ ተናገሪ" አለች። እሺ አልኩ። መኝታ ቤት ሆኜ ስቀዳ ዋልኩ። አንዱ ላይ ምላሴ ተሳሰረና ሳቄ አመለጠኝ። እሱንም እንዳለ ላክሁላት።

የሷ አንድ ብቻ ነው የደረሰኝ። እሱም ግማሽ። ጉንፋን ይዞኛል አለች።

መጋቢት 2

ጉድ! ዛሬ ድረ ገጹ ውስጥ ገባሁ። ጥያቄዎቹ ቁርጥ ወፌ ያመጣቻቸው! እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው። ስለለመድኳቸው የትም አልተደናቀፍኩም። እንደ አዲስ ቀድቼ ላክሁ።

እማዬ "ይቅናሽ" አለችኝ። ዓይኗን ግን ከጨርቁ ላይ አላነሳችም። ደክሟት ይሆናል።

መጋቢት 9

መልስ መጣ። ደጋግሜ አነበብኩት። ድምፄ ከሌላ አመልካች ድምፅ ጋር አንድ ሆኖ ስለተገኘ ማመልከቻዬ ታግዷል... ነገ የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ እንድቀርብ። ምን ማለት ነው? አንድ ሰው እንዴት ሁለት ሰው ይሆናል?

ለወፌ አሳየኋት።

"ኮምፒውተር አይደል? ይሳሳታል" አለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

መጋቢት 10

ኃላፊዋ ተቀመጪም ሳትለኝ፣ "ይሄን ስሚ" ብላ ኮምፒውተሩን ወደኔ አዞረችው።

እኔ ነኝ። የተቆጣውን እንግዳ እያባበልኩ። ከኋላ የእማዬ የስፌት መኪና ይሰማል። ያ ምላሴ የተሳሰረበት ቦታ... ሳቄም ሳይቀር አለ።

"የኔ ነው" አልኩ።

"አንቺ ከመላክሽ በፊት ነው የደረሰን። በሌላ ሰው ስም።"

"በማን?"

"ስም አልነግርሽም። አንድ ነገር ንገሪኝ። ቀድተሽ ለሰው ሰጥተሻል? ከሰጠሽ ማጭበርበር ነው። ከላውንደሪም ትወጫለሽ።"

ያንን ሳቅ የላክሁት ለአንድ ሰው ነው። በዓለም ላይ ለአንድ ሰው ብቻ።

"ጊዜ ይስጡኝ" አልኳት።

"ሰኞ መጥተሽ ታስረጃለሽ።"

ወደ ላውንደሪ ተመልሼ የትራስ ልብስ አቃጠልኩ። ጋሼ ሳሙና አየኝ። ምንም አልቀለደም። ካውያውን ከእጄ ወሰደና ራሱ ተኮሰ።

መጋቢት 11

ወፌ ግቢ ውስጥ ልብስ ታሰጣለች።

"ልከሽዋል?" አልኳት።

ምኑን? ብትለኝ ምን ነበረበት? አላለችም። እሱ ነው የገደለኝ።

"ለማለፍ ብቻ ነው" አለች። "ከዚያ በራሴ አፍ እናገር ነበር። አንቺ ሥራ አለሽ። እኔ ምን አለኝ?"

"ጥያቄዎቹን ከየት አመጣሻቸው?"

"ቀድሜ ገብቼ... ድረ ገጹ ላይ ነበሩ።"

"እኔም እንደማመለክት እያወቅሽ?"

"ድምፅ ያመሳስላል ብዬ መች አሰብኩ!"

ይቅርታ አላለችም። የቆጫት መያዟ ነው እንጂ ማድረጓ አይደለም። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል እሰማ ነበር። ዛሬ መሬት ስነካ ገባኝ።

እማዬ ጋ ሮጬ ገባሁ። ልነግራት። ታቅፈኛለች ብዬ... ወፌን ጠርታ ትቆጣልኛለች ብዬ...

"አውቃለሁ" አለችኝ።

"ምኑን ነው የምታውቂው?"

"ያኔውኑ ነግራኛለች። ተይ አላልኳትም። ምን ላድርግ? አንቺ ራስሽን ችለሻል። እሷ ልጄ ናት፣ ዓይኔ እያየ ቤት ውስጥ ተቀምጣ ስትቀር..."

እሷ ልጄ ናት።

እኔስ? አልጠየቅኳትም። ብጠይቃት ምን ልትል ነው?

መጋቢት 13

እማዬ ዛሬ ሥራ አልነካችም። አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

"ወድጄ ነው የሰጠኋት በያቸው። ትንሽ ተቆጥተው ይተዉታል።"

"እማዬ፣ አይተዉትም። እኔንም ከላውንደሪ ነው የሚያባርሩኝ።"

"ላውንደሪ አይደል? የትም አገር ልብስ ይታጠባል።"

ከዚያ፣ ቀስ ብላ፣ "አሳድጌሻለሁ" አለችኝ።

እድሜዬን ሙሉ ይህችን ቃል ከአፏ ሰምቼ አላውቅም። ስታመምም፣ ሳስቸግራት ስውልም፣ ጎረቤት "የሰው ልጅ" ሲለኝም። ለካ አስቀምጣት ነበር... ለእንዲህ ያለ ቀን።

መጋቢት 15

ኃላፊዋ ብቻዋን አልነበረችም። ሥራ አስኪያጁም አለ። አማርኛ አይሰማም። እንግሊዝኛውንም ቀስ ብሎ አይናገርም። ሁሉንም ግን ሰማሁት። አንድ ቃል አላመለጠኝም። በሌላ ቀን ቢሆን በደስታ እዘል ነበር።

ሰጥተሻታል ወይ? አለኝ።

"ኖ" አልኩ። "አይ ዲድንት ጊቭ ኢት። ሺ ቱክ ኢት።"

አልሰጠኋትም። ወሰደችው። ዓረፍተ ነገሯ አጭር ናት። ምንም የሚከብድ ድምፅ የላትም። ምላስ አታስወጣም። እንደሷ ያለ ከባድ ነገር ግን ተናግሬ አላውቅም።

ከዚያ እዚያው፣ ባላሰብኩት፣ አዳዲስ ጥያቄዎች ጠየቀኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩ አላስታውስም። ኃላፊዋ ስወጣ በሩን ራሷ ከፈተችልኝ። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ልክ ተናገርኩ። ልክስ ሠራሁ? የእማዬን ልጅ አሳልፌ ሰጠሁ። እሷስ እኔን?

መጋቢት 16

ልብሴን ሻንጣ ውስጥ ስከት ማንም ተይ አላለኝም። ወፌ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ትጎረጉራለች። አንዴ ቀና ብላ፣ "ሰማይ ላይ ያለሽ እንዳይመስልሽ" አለችኝ። እማዬ መኪናዋ ላይ ነች። ደህና ሁኚ ስላት መኪናዋን አላቆመችም። እግሯ እየረገጠ፣ ጨርቁ እየሄደ፣ ጀርባዋን ብቻ አይቼ ወጣሁ።

አንሶላ የምታጥፈዋ ጓደኛዬ ክፍሏን አጋራችኝ። "እስክትፈልጊ ድረስ" አለች። ምንም አልጠየቀችኝም። ተባረኪ።

መጋቢት 28

ከቤት ከወጣሁ ወዲህ አፑን ለመጀመሪያ ጊዜ ከፈትኩት። የራሴን ድምፅ መልሶ ሲያሰማኝ ዘጋሁት።

ሚያዝያ 5

እገዳው ተነሣልኝ፣ ስልክ ክፍል ገባሁ። ለሙከራ ነው።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ለማን ልንገር ብዬ አሰብኩና ለጋሼ ሳሙና ነገርኩት። ጨብጦኝ እጄን ቶሎ አልለቀቀውም። "እኛ ሰዎችሽ ነን፣ እንዳትረሽን" አለኝ። ከማጠቢያ ማሽኑ ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ። ማልቀሴስ ለምን ነው? በደስታ እንዳልል ደስታ አይደለም።

ማታ አፑን ከፈትኩ። ትንሽ ሠራሁ። ቀይ በዛ።

ሚያዝያ 19

ከምሳ በኋላ ነው። ስልኩ ጭር ብሎ ቆይቶ ጮኸ። የሆቴሉን ሰላምታ በእንግሊዝኛ አልኩ፣ እንደለመድኩት። ማዶ ትንፋሽ ብቻ። ከዚያ፣

"አማርኛ የሚሰማ ሰው አለ?"

እማዬ ናት።

የእጅ ስልኬን አላነሳላትም። ስንት ጊዜ ደውላለች። ሰው ጠይቃ ነው መቼም የዚህን ቁጥር ያገኘችው።

"አለ" አልኩ።

"ጎሽ፣ ተባረኪ። ልጄን ፈልጌ ነበር። እዚያ ላውንደሪ ነው የምትሠራ። ስልኳን አታነሳም... ደህና መሆኗን ብቻ ብሰማ..."

አላወቀችኝም። ያን ሁሉ ምሽት ከመኪናዋ ጎን ስንተባተብ ስትሰማው የኖረችው ድምፅ። አላወቀችውም። ልጄን አለች ደግሞ። አሁን ልጄን።

"ሄሎ? የኔ እመቤት? አለሽ?"

እኔ ነኝ ማለት ነበር። አፌ ውስጥ ነበረች፣ ጥርሴ ድረስ መጥታ ነበር። እየጠበቅኳት ሳለ ከማዶ የስፌት መኪና ድምፅ ተነሳ። ወፌ ትሆናለች፣ መስፋት ጀምራ ይሆናል።

"እሺ እማማ፣ አንዴ ይጠብቁኝ" አልኩና መስመሩን ወደ ላውንደሪ አዞርኩት።

ጋሼ ሳሙና ሲያነሳላት ሰማሁ። ዘጋሁ።