የብሎን አድራሻ

ውድ ወንድሜ፣

ጽሕፈቴን አይተህ ሌላ ሰው የጻፈልኝ እንዳይመስልህ። በግራ እጄ ነው የምጽፈው፤ ቀኙ ጀሶ ውስጥ ነው። ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ። ድሮ ደብተሬን እያየህ "ይኼን ዶሮ ናት የጫረችው" ትለኝ ነበር። አሁን ብታየው ዶሮዋ ራሷ ታፍርብኛለች።

ከአባባ ቀብር የተመለስን ቀን የእሱን ቆብ ኪስህ ከትተህ፣ መኪናህ ላይ ወጥተህ በመስኮት ያልከኝን አልረሳሁም። "ብሎን ከእስር ሲፈታ አንድ መስመር ጻፊልኝ። አድራሻውን ብቻ። የቀረውን ለእኔ ተይው።" እሺ ብዬ ማልኩልህ። ከወንበርህ ሥር ያለውን ሽጉጥ በጨርቅ የጠቀለልኩልህም እኔ ነኝ። እንግዲህ ብሎን ተፈቷል፤ አድራሻውንም አውቀዋለሁ። ግን አንድ መስመር አልበቃኝም። እስከ መጨረሻው ሳታነብ ሞተር እንዳታስነሳ።

እሑድ ጠዋት ነው የመጣው፤ የመጣውም እኛ ቤተ ክርስቲያን ነው። እኔ ካባዬን ለብሼ ከመዘምራኑ ጋር መድረክ ላይ ቆሜያለሁ። የኋላው በር ተከፈተና ያ አጭር፣ ትከሻ ሰፊ ሰውዬ ገብቶ መጨረሻው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። አባባ "አንዴ ከጠበቀ አይፈታም" ብሎ ብሎን ያለውን ሰው እንዴት እረሳዋለሁ? ፀጉሩ ሸብቷል፤ አንገቱ ግን ያው ነው። እኛ ቤት በልቶ፣ እኛ ጎሚስታ ቤት ሙያ ተምሮ፣ ሰክሮ በመጣ ቀን አባባ ከሥራ ስላሰናበተው ጭንቅላቱን ጎማ በምናወጣበት ብረት የፈለጠው ሰው፣ የመዝሙር መጽሐፍ እያገላበጠ ገጹን ይፈልግ ነበር።

ያኔ ምን እንደሆንኩ አላውቅም አልልህም፤ በደንብ አውቃለሁ። የማይክሮፎኑን መቆሚያ አንሥቼ ከመድረኩ ወረድኩ። ሰዉ መንፈስ የወረደብኝ መስሎት መንገድ ለቀቀልኝ። መጀመሪያ ትከሻውን፣ ቀጥሎ ጆሮውን፣ ከዚያ ያገኘሁትን መታሁ። ቅንድቡ ተከፍቶ ደሙ ነጩ ካባዬ ላይ ተረጨ። እጁን እንኳ አላነሣም፤ ይኼ ደግሞ ይበልጥ አሳበደኝ። ቢታገለኝ ምን ነበረበት? አስተናባሪዎቹ ተረባርበው ሲይዙኝ የአንዱን እጅ ነከስኩት። የነከስኩት ሰውዬ የጥርስ ሐኪም ነው፤ እስከ ዛሬ ሲያገኘኝ "ጥርስሽ ጤነኛ ነው" ይለኛል። የመዘምራኑ መሪ ደግሞ የብሎን ደም አይደለም ያሳሰባት፤ "ካባው የቤተ ክርስቲያን ንብረት እኮ ነው!" እያለች ትጮህ ነበር።

በማግስቱ መጋቢያችን ጎሚስታ ቤት መጡ። አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጡ፤ ሱሪያቸውን ጥላሸት ሲነካው አይተው ተዉት።

"ይቅር በዪው" አሉኝ።

"የሞተው የእኔ አባት ነው፤ የእርስዎ አይደለም።"

"አውቃለሁ። ቀብሩ ላይ የጸለይኩት እኔ ነኝ።"

"ታዲያ አፍዎ እንዴት ደፈረ?"

"እኔ ብሆን ኖሮ አልልሽም ነበር" አሉ። "ለሚጠሏችሁ ጸልዩ ያለው ሌላ ነው፤ እኔ ተልኬ ነው። በይ ጸልዪ፤ ሌላው ቢያቅትሽ።"

እሺ፣ ጸለይኩ። አንገቱ እንዲሰበር ጸለይኩ። መንገድ ሲሻገር አንተ በዚያ የጭነት መኪናህ እንድትደርስበት ጸለይኩ። ይኼንኑ ለመጋቢው ነገርኳቸው፤ ይቆጡኛል ብዬ ነበር። "ጥሩ ነው፤ ቢያንስ ስሙን እያነሣሽ ነው" አሉኝ። እኚህ ሰውዬ አንዳንዴ ከብሎን ይበልጥ ያናድዱኛል።

በእኛ ዘንድ ከጌታ እራት በፊት የተጣላ ሰው ተነሥቶ ባላጋራውን ይጨብጣል፤ ካልጨበጠ ኅብስቱን አይቀበልም። ሰዉ ሁሉ ሲነሣ እኔ ተቀምጬ ቀረሁ። ብሎንም ከኋላ፣ ቅንድቡ እንደተሰፋ፣ ተቀምጦ ቀረ። ሁለታችን ብቻ። ጎኔ ያለችው ሴትዮ ተመልሳ ስትቀመጥ ኅብስቱን ስታላምጥ እሰማ ነበር። ራበኝ ወንድሜ፤ ግን እሱን ከመንካት ራብ ይሻለኛል አልኩ።

ሽማግሌዎቻችን አንድ ልማድ አላቸው። ምክር አልፈታው ያለውን ጠብ ለሥራ ይሰጡታል፤ የተጣሉት ሁለቱ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሥራ አብረው ይሠራሉ። በልጆቻቸው ጠብ ዓይንሽን ለአፈር የተባባሉ ሁለት ጎረቤታሞች መጸዳጃ ቤቱን አብረው ቀለም ቀቡ፤ ሲወጡ አፍንጫቸው አረንጓዴ ሆኖ እየተሳሳቁ ነበር። ለእኔና ለብሎን ደግሞ፣ ሁለቱም ጎሚስታ ናቸው ብለው፣ ወንበርና ድምፅ ማጉያ የሚያመላልሰውን የቤተ ክርስቲያኑን አሮጌ የጭነት መኪና ጎማ እንድንሠራ ሰጡን። ቅን ሰዎች ናቸው፤ ስለ ጎማ ግን የሚያውቁት ነገር የለም። ቢያውቁ ኖሮ ለእኛም ቀለም ይሰጡን ነበር።

አንተ ታውቀዋለህ፤ ግን ያኔ ያሰብኩት እንዲገባህ ልጻፈው። ያን የመሰለ አሮጌ ቸርኬ ጎማውን የሚይዘው በብረት ቀለበት ነው። ቀለበቱ ቦታው ላይ በደንብ ካልገባ፣ አየር ሲሞላ ተፈናጥሮ ይወጣል፤ ያገኘውንም ፊት ይዞ ይሄዳል። ለዚህ ነው አባባ አንዱን አየር አስይዞ ሌላውን ቀለበቱን በመዶሻ እያንኳኳ እንዲያስገባ የሚያደርገው። አየር የያዘው ሰው ቀለበቱ ሲነሣ ካየ፣ አየሩን ዘግቶ "ተነሥ!" ብሎ መጮህ አለበት። አንተንና እኔን በዚህ ነገር ስንት ጊዜ በጥፊ ብሎናል?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብሎን መጣ። ሰላምም አላለኝ፣ እኔም አላልኩትም። የአባባን መዶሻ ከተሰቀለበት አወረደና ጎማው ላይ ተንበረከከ። "አየር ያዢ" አለኝ። ያዝኩ።

የአየር መሙያው እያጓራ፣ እሱ እያንኳኳ፣ በእኔ በኩል ቀለበቱ በአንድ ጣት ያህል ብድግ አለ። እሱ ካለበት አይታይም። ፊቱ ከብረቱ በላይ ነው፤ የሰፉለት ቅንድቡ ይታየኛል። አልዘጋሁም። አልጮህኩም። ወንድሜ፣ እጄ ደስ ብሎት ነበር። ስለ አንተ አሰብኩ፤ ይኼን ያህል መንገድ መንዳት አይኖርብህም። ሽማግሌዎቹም ቢሆኑ የሥራ አደጋ ነው ብለው አልቅሰው ይቀብሩታል። ይኼን ሁሉ አሰብኩ፤ አየሩም ይገባል።

ከዚያ ብረቱ ጭርጭር አለ። ብሎን ቀና ብሎ ቀለበቱን አየ፤ ቀጥሎ እጄን አየ። ሙያተኛ ነው፤ ገባው። ብድግ ቢል ያመልጥ ነበር። መዶሻውን መሬት ላይ አኑሮ ሁለት እጁን ጭኑ ላይ አደረገ።

"እስከፈለግሽው ድረስ ሙዪው" አለኝና አንገቱን ደፋ።

ጌታን አሰብኩ ብልህ ውሸታም እሆናለሁ። ያሰብኩት አባባን ነው። እሱም እንዲህ ጎማ ላይ እንደጎነበሰ ነው ብረቱ ያረፈበት። ብሎን ያን ቀን ቆሞ ያየውን ነገር እኔ ቆሜ እያየሁ ነበር፤ በእሱ ቦታ፣ በእሱ እጅ። "ተነሥ አንተ ርጉም!" ብዬ ደረቱን በእግሬ መትቼ ወደ ኋላ ጣልኩት፤ አየሩን ከጎማው ላስወጣ እጄን ወደ ቸርኬው ሰደድኩ። ቀለበቱ ያኔ ወጣ። ፍንዳታውን አልሰማሁትም፤ የሰማሁት የገዛ አጥንቴን ነው። የእጄን አንጓ ሰብሮ፣ ቆርቆሮውን ቀድዶ ሄደ። ዝናብ ሳይመጣ ጣራውን ማስደፈን አለብኝ።

ብሎን ከአሮጌ የጎማ ላስቲክ ቁራጭ ቀድዶ እጄን አሰረውና አዘለኝ። ሐኪም ቤት እስክንደርስ በደህናው እጄ ጀርባውን ደበደብኩት፤ ጆሮውን ጎተትኩ፤ ያልሰደብኩት ዘሩ የለም። አላወረደኝም። ደክሞኝ ስተው፣ አንተም እኔም ልንጠይቀው የምንፈልገውን ጠየቅሁት።

"አባባ መጨረሻ ላይ ምን አለ?"

ቆመ። ትንፋሹ ሲቆራረጥ በደረቴ ይሰማኛል።

"ምንም አላለም። ቆቡን ፈለገ" አለኝ። "ወድቆ፣ ደሙ ዓይኑ ውስጥ እየገባ፣ መሬቱን እየዳበሰ ቆቡን ፈለገ። አንሥቼ እጁ ላይ አደረግሁለት። ከዚያ ሮጥኩ።"

አለቀስኩ። አባቴን በገደለው ሰው ጀርባ ላይ ተለጥፌ አለቀስኩ፤ ሌላ ሰው አጠገቤ አልነበረም።

በተከታዩ የጌታ እራት ሰዉ ሲነሣ እኔም ተነሣሁ። ወደ ኋላው ወንበር ስሄድ አስተናባሪዎቹ ሮጠው የማይክሮፎኑን መቆሚያ ያዙት። ግራ እጄን ዘረጋሁለት። "ይቅር ብዬሃለሁ" አልኩት። "ነገ ስነቃ ይጠፋብኝ ይሆናል። ያኔ እንደገና እልሃለሁ።" እጄን ግንባሩ ላይ አድርጎ ተንሰቀሰቀ። ኅብስቱን ስቀበል የደም ጣዕም አገኘሁበት፤ ለካ ከንፈሬን ነክሼ ኖሯል።

እንዳትሳሳት፣ አልወደድኩትም። ሳሉ ያናድደኛል። አንዳንድ ጠዋት መዶሻ ይዞ ሳየው "ይቅር ብዬሃለሁ" እለዋለሁ በንዴት፣ እሱም "እግዜር ይስጥልኝ" ይለኛል እየፈራ። ይኼው ነው ያለኝ።

አሁን አድራሻው። ብሎን የሚያድረው ከጎሚስታ ቤቱ ኋላ፣ አባባ አሮጌ ጎማ ያከማችበት በነበረው ክፍል ውስጥ ነው። ጀሶው እስኪፈታ ቀኝ እጄ እሱ ነው። ወደዚያ ክፍል የሚገባው በእኔ ክፍል በኩል ብቻ እንደሆነ ታውቃለህ። ቃሌን ጠብቄ ጻፍኩልህ። ሽጉጡን ይዘህ ከመጣህ ግን መጀመሪያ የምታገኘው እኔን ነው፤ በአንድ እጄም ቢሆን በሩ ላይ ቆሜ። እሱን ፈርቼለት አይደለም። እጄ ያን ቀን እንዴት ደስ እንዳለው አውቃለሁ፤ ያ ደስታ አንተ ዘንድ እንዲደርስ አልፈልግም።

ደግሞ ና። በጣም ናፍቀኸኛል። ያን የጠቀለልኩልህን ነገር መንገድ ላይ ባገኘኸው ወንዝ ውስጥ ጣለው። ቆቡን ግን እንዳትረሳ፤ መቃብሩ ላይ እናድርግለት። ሲፈልገው ነበር።

በግራ እጇ የጻፈችልህ፣
እህትህ