ሦስት መቶ ሰባተኛው ኳስ

ሰኞ
ወሰዱት። አራት ዓመት የለፋሁበትን ደብተር የቀበሌው ሊቀመንበር በብብቱ ሸጉጦት ወጣ! አሰሳው ለጦር መሣሪያ ነበር፤ ያገኙት የኔን ቁጥር ነው።
«ጓድ መምህር፣ ኮድ ነው?»
«ኳስ ነው» አልኩት። ሳቁብኝ። ይህን የምጽፈው በተማሪዎቼ ፈተና ጀርባ ላይ ነው።

ማክሰኞ
ቀበሌ ተጠርቼ አስረዳሁ። ለማን! ለአህያ ማር አይጥማትም። አንድን ኳስ፣ እሱን የሚያህሉ ስንት ኳሶች ባንዴ ሊነኩት ይችላሉ? ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ ባለው በኛ ዓለም አሥራ ሁለት። እኔ የምሠራው ዘጠኝ አቅጣጫ ባለው ስፍራ ነው፤ እያንዳንዱ ኳስ በዘጠኝ ቁጥር፣ በአንድ መስመር ይጻፋል። ፈረንጆቹ እስካሁን ያገኙት ሦስት መቶ ስድስት ነው። እኔ ሦስት መቶ ሰባት አለኝ።
«ዘጠነኛው አቅጣጫ በየት በኩል ነው? በእንጦጦ?» አለኝ ሊቀመንበሩ። ከምሩ ነው።

ረቡዕ
የደብተሩ ግልባጭ ወደ በላይ አካል ይሄዳል ተባለ። ማባዣቸው ስለተበላሸ ጸሐፊዋ አስካለ በእጇ ትገለብጠዋለች። አስካለ! ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠች፣ ሥራዋ የስኳር ራሽን መዝገብ የሆነ። ሁለቴ የተመዘገበ ቤተሰብ ስታገኝ «ቀደም ሲል ወስዷል» ብላ በቀይ ትጽፍበታለች። የዕውቀቷ ዳርቻ ይኸው ነው።
ግኝቴን ላሳውቅ ለፈረንጆቹ የጻፍኩት ደብዳቤ ያለ ደብተሩ ምንም አይረባም። አርብ ፖስታ ቤት ልወስደው ነበር።

ሐሙስ
የውይይት ክበብ። ሰው ሁሉ እየተነሳ ጥፋቱን የሚናዘዝበት ግለሂስ። ጎረቤቴ ስብሰባ ማርፈዱን ተናዞ ተጨበጨበለት። እኔ እንደ ሁልጊዜው እምቢ አልኩ። ያላጠፋሁትን?

አርብ
ሊቀመንበሩ ፊቱ በርቶ ጠበቀኝ። አስካለ ግልባጩን ዘረጋች።
«ጋሼ፣ ይቺ መስመር ገጽ አራት ላይ አለች። ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ ደግሞ ተመልሳ መጣች።»
«ምልክቱ እሱ ነዋ! የኮዱ መክፈቻ!» አለ ሊቀመንበሩ።
ዘጠኙንም ቁጥር በጣቴ እየተከተልኩ አየሁ። አንድ ናቸው። አንዱን ኳስ ሁለቴ ቆጥሬዋለሁ። ሦስት መቶ ስድስት።
«ወይ ምልክት ነው፣ ወይ ስህተት ነው። በል ምረጥ» አለ።
ምልክት ከሆነ እታሰራለሁ። ስህተት ነው አልኩ። «በጽሑፍ!» አለ። «አራት ዓመት ተሳስቻለሁ» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ሲለምነኝ የኖረውን ግለሂስ አገኘ፤ ምን እንደያዘ ግን ያ ደንቆሮ ዛሬም አልገባውም።

ቅዳሜ
ደብተሩ ተመለሰ። ደብዳቤውን ቀደድኩት። ተልኮ ቢሆን ኖሮ የፈረንጅ መሳቂያ እሆን ነበር።
ገጽ በገጽ ገለጥኩት። እያንዳንዱ መስመር ጎን ትንሽ የእርሳስ ምልክት አለ፤ አንድም አልዘለለችም። ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ፣ ከድግሙ መስመር ጎን፣ በቀይ፦ «ቀደም ሲል ወስዷል»።
ሳቅሁ፤ ከዚያ አፈርኩ። በአራት ዓመት ውስጥ ይህን ደብተር እስከ መጨረሻው ያየልኝ ሰው እሷ ብቻ ናት።
ሄጄ ላመሰግናት ይገባል። ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም።