በሦስተኛው ዘፈን ላይ በዝቷል ስለተባለው ከበሮ

ለተከበሩ የሬዲዮ ጣቢያው ሙዚቃ መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለመላ አካልዎ፣ በተለይም ለጆሮ ታምቡርዎ ጤና እመኛለሁ፤ እስካሁን እኔ ያልደረስሁበት ታምቡር እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርምና። ታላቅ እህቴ እየዘፈነች፣ ባለቤቷ ጊታር እየተጫወተ፣ ያለ አሳታሚ በራሳችን ጥረት በሠራነው የባህል ዜማ አልበም ላይ ከበሮ የምመታው እኔ ነኝ። ኮሚቴዎ አሥራ ሁለት አድማጮች ሰብስቦ ካሰማ በኋላ፣ «ዘፋኟ ጎበዝ ናት፤ ከበሮ መቺው ካልተቀየረ ግን አልበሙ አይተላለፍም» የሚል ባለማኅተም መልስ ስለላካችሁልን እጅ እነሣለሁ። ደብዳቤው ከደረሰን ጀምሮ እህቴ ሦስት ቀን ሙሉ ዐይኔን ማየት ከብዷታል። ጫጫታ ጠልታችሁ አንድ ቤተሰብ እንዲህ ጸጥ ስላደረጋችሁ ደግሞ ምስጋናዬ ድርብ ነው።

ቅሬታ ማለት ስለማልደፍር፣ ከደብዳቤው ጋር አያይዛችሁ የላካችሁልንን የአድማጮች ቅጾች አንብቤ አድናቆቴን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. አንድ አድማጭ «ልቤ በአፌ ልትወጣ ነበር» ሲሉ፣ ሌላው «እግሬ ሳላዘው ይጨፍር ጀመር» ብለዋል። ሁለቱንም «የደረሰ ጉዳት» በሚለው ሥር መዝግባችኋል። ቃሬዛ ስላላዘዛችሁልን እናመሰግናለን።

፪. እርስዎም በቀይ እስክሪብቶ «በሦስተኛው ዘፈን ላይ ምቱ ከልክ አልፏል፤ ጊዜም አይጠብቅም» ብለው ጽፈዋል። ክቡር ሆይ፣ ሦስተኛው ዘፈን እህቴ ለሟች እናታችን ያዜመችው ነው። ድምፅና ጊታር እንጂ ከበሮ የለበትም። ሲቀረጽ እኔ እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ፣ እንዳላለቅስ ጥርሴን ነክሼ ጥግ ላይ ተቀምጬ ነበር። ሰው በዚያ አኳኋን ምት ማብዛት መቻሉን ከእርስዎ ተማርሁ።

፫. ቁጥር እንዲሞላ ተብሎ የተጠሩት የቢሮዎ የጽዳት ሠራተኛ፣ «ሦስተኛው እናቴን አስታወሰኝ። ጣሪያ ላይ ቆርቆሮ የሚመቱት ሰዎች ምናለ ዘፈኑ እስኪያልቅ ቢታገሡን?» ብለው ጽፈዋል። ለካስ የዚያን ዕለት የአዳራሽዎ ጣሪያ እየተቀየረ ኖሯል! አንዲት ሴት መዶሻን ከከበሮ ለይተው በመስማታቸው ቅጻቸው «ከርዕስ ውጭ» ተብሎ ተሰርዟል። ኮሚቴው እንዲህ ያለ ጆሮ በመካከሉ እንዳይገባ ስለሚያደርገው ጥንቃቄ ባርኔጣዬን አነሣለሁ።

እንግዲህ አልበሙ ምስማር በማይመታበት ቀን እንደገና እንዲሰማልን፣ ቀይ እስክሪብቶውም ለጽዳት ሠራተኛዋ እንዲሰጥልን በትሕትና እንጠይቃለን።

ጆሮ ይስጥልን!

እጁን ብብቱ ውስጥ እንደከተተ መልስዎን የሚጠባበቅ፣
የሦስተኛው ዘፈን ዝምተኛ ከበሮ መቺ

ማሳሰቢያ፦ ውሳኔዎን ለማክበር እህቴና እኔ የተባለውን ከበሮ መቺ ፈልገን አዳራሽዎ ጣሪያ ሥር መሰላል ላይ አገኘነው። ምቱ ጊዜ ስለማይጠብቅ እንዲቀየር ሰብሳቢው መወሰናቸውን ብንነግረው፣ «እንዲያ ነው? በሉ እሳቸው ይምቱት!» ብሎ መዶሻውን ይዞ ወረደ። እህቴ በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሣቀች። ሳይከደን የቀረው ከእርስዎ ወንበር በላይ ያለው ጣሪያ ብቻ ነው፤ ሰማዩም ከጠዋት ጀምሮ ጠቁሯል።