የሦስት ቁጥሩ ጌጅ ይዋሻል

አንተ ቀጮ፣

ፖስት ካርዱ ላይ ያለውን ሐይቅ እኔም ያየሁት እዚሁ ካርዱ ላይ ነው። የምውለው ቦይለር ክፍል ነው፤ ዛሬ ደግሞ ደሜ ፈልቷል።

እዚህ ፋብሪካ ቦይለሩን የሚከታተለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ረዳት ነው። ጎበዝ ነው፤ ግን ኮምፒውተሩ ሲዘጋ የዋለበትን ሁሉ ይረሳል። ስለዚህ ከመዝጋቴ በፊት ነገ የሚያነበውን ማስታወሻ አስጽፈዋለሁ። የመጀመሪያው መስመር «የሦስት ቁጥሩ ጌጅ እስኪቀየር ይዋሻል፣ እንዳታምነው» የሚል ነበር።

ትናንት ሥራ አስኪያጁ «ፋይል በዛ» ብሎ ማስታወሻውን አጠፋው። ዛሬ እኔ ሳልደርስ ረዳቱ ያንኑ ውሸታም የግፊት መለኪያ አምኖ ተረኛዋን «ግፊቱ ወርዷል፣ ክዳኑን ክፈቺው» አላት። ከፈተችው። እንፋሎቱ ክንዷን ገሸለጠው፤ አሁን ክሊኒክ ናት። እየሮጥኩ ስገባ፣ ረዳቱ ሁለት ሳምንት አብሬው የሠራሁትን እኔን «እንደምን አደሩ፣ ማን ልበል?» አይለኝም መሰለህ!

አስኪያጁን ብጠይቀው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ብልህ ነው ትሉ የለ እንዴ፣ ራሱ ያስታውስ!» ብልህስ ቢሆን ያጠፉበትን ከየት ያመጣዋል?

የኛ ወርክሾፕ ግድግዳ ትዝ አለኝ። ነፍሱን ይማረውና አለቃችን የየማሽኑን አመል በጠመኔ ጽፎልን ባይሄድ፣ አንተና እኔ ስንት ጣት ይቀረን ነበር? አንተ ግን ስትሸኘኝ «ግድግዳው ቆሽሿል፣ ቀለም ልቀባው» አልከኝ። ይኸው፣ እንደ አዲስ ተናደድኩ።

ቦታ አለቀብኝ። የእማማን ጉልበት ሳምልኝ፣ የልጆቹንም ጉንጭ። ብሩሹን ግን አስቀምጥ! አንዲት ፊደል ጠፍታ ካገኘሁ፣ በር ስትከፍትልኝ «ማን ልበል?» ነው የምልህ።