ለማታው ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፦ ስለ ሰባተኛው ጥያቄ

ለተከበሩ ርዕሰ መምህር፣

እንደምን ሰነበቱ? እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ያ ከእጅዎ የማይለየው ማኅተምም ደኅና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከገበያው ጀርባ ዩኒፎርም የምሰፋው ሴትዮ ነኝ፤ ባለፈው ሳምንት በአርባ አራት ዓመቴ ሰባተኛ ክፍል ልመዝገብ ብዬ መጥቼ፣ ጸሐፊዎ «እማማ፣ ልጅ ማስመዝገብ ጠዋት ነው» ያለችኝ።

አንደኛ፣ ስለ ቅጹ ላመሰግን። ስድስቱን ጥያቄዎች በራሴ እጅ ሞላኋቸው። ሰባተኛው ግን «አመልካቿ በምትማርበት ሰዓት የቤቱን ሥራ የሚሸፍን ሰው ስምና የባል ፊርማ» ይላል። ለካስ ቤቴ መሥሪያ ቤት ኖሯል፤ ተተኪ ካልተገኘ መልቀቂያ አይሰጥም!

ሁለተኛ፣ ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ ድስት ብቻ እንደ እባብ ይፈራል። ቅጹን ተቀብሎ ሳያቅማማ የልጃችንን ስም ጽፎ ፈረመ። ልጅቷ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ ዘንድሮ ፈተና አለባት፤ የምታጠናውም በዚያው ሰዓት ነው። «አንቺም ተማሪ፣ እሷም ባለሙያ ትሁን» አለኝ፣ ስጦታ እንደሰጠ ሰው ፈገግ ብሎ። እርስዎም እግዜር ይስጥዎ፣ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ ማኅተምዎን አሳረፉበት።

ሦስተኛ፣ ገጠር ሳለሁ ስድስተኛን ስንጨርስ ወንድሜ ወንዙን ተሻግሮ ሰባተኛ ገባ፤ እኔ ቀረሁ። ያኔ ቅጽ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ቤቱን ማን ይይዛል ብሎ አባቴ በቃሉ ጠየቀ፣ አለቀ። ከተማ ብገባ ያው ጥያቄ በጽሑፍ ሆኖ ጠበቀኝ። መቼስ ሥልጣኔ ነው።

እንግዲህ ወዲህ ገደል፣ ወዲያ ገደል ሆኖብኛል፤ ብማር ልጄን አስቀራለሁ፣ ብቀር ራሴን። ትምህርቱ ሰኞ ይጀመራል። እሷ ግን «ችግር የለም እማዬ፣ እኔ እችለዋለሁ» ብላ ከወዲሁ ደብተሯን ምድጃው አጠገብ ዘርግታለች። በእሷ ዕድሜ እኔም እንዲሁ ብዬ ነበር፤ ስለዚህ አላመንኳትም።

በታላቅ ትሕትና የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የልጄን ስም ይሰርዙልኝ። መስመሩ ባዶ ከሆነ ምዝገባው አይጸናም የሚሉ ከሆነ፣ የእኔንም አብረው ይሰርዙት።

ማኅተምዎ ቀለም እንዳያጣ እየተመኘሁ፣ በአክብሮት እጅ የምነሳ፣
ለአምስት ቀን ተማሪ የነበረችው ልብስ ሰፊ

ሳልረሳው፦ ከሦስት ዓመት በፊት ባለቤቴ እዚያው እርስዎ ዘንድ አሥረኛን ሊማር ሲመዘገብ ቅጹ ስድስት ጥያቄ ብቻ ነበረው። ሰባተኛውን ማንም አልጠየቀውም፤ መልሱ ቤት ቁጭ ብላ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር።